ዛር የማን ነው? የካርቱም የቡና ማዕድ፣ የመናፍስት ስምና የቃላት ጉዞ

በካርቱምና በኦምዱርማን የዛር ቤቶች አንዲት ታማሚ ስትቀርብ ሸይኻዋ ሥራዋን የምትጀምረው ከስም ነው። የታማሚዋ ስም ይታወቃል፤ የሚፈለገው ያደረባት መንፈስ ስም ነው። ሸይኻዋ የዕጣን ሣጥኗን ትከፍታለች። ይህ ሥርዓት በሱዳን ዐረብኛ «ፈትሕ አል-ዕልባ» ይባላል፤ ቃል በቃል «የቆርቆሮ ሣጥኑን መክፈት» ማለት ነው። ለየመናፍስቱ ወገን የየራሱ ዕጣን አለው። ታማሚዋ ታሸታለች፣ ያየችውን ሕልም ትናገራለች። ከበሮው ሲመታም የየወገኑ ዜማ በተራ ይዘፈናል፤ ዜማው «ኸይጥ»፣ ማለትም «ክር» ይባላል። ሰውነቷ በየትኛው ክር እንደተሳበ የሚያዩ ልምድ ያላቸው ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። እንግዳው ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ወደ ማዕድ ይዞራል፦ ምን ይበላል? ምን ይጠጣል? ምን ዐይነት ልብስ ይሻል?

በዛሬው የመጻሕፍት ገበያ ቀለል ያለ የምርመራ ልቦለድ የሚባል ዘርፍ አለ። መርማሪዋ የፖሊስ ሹም አይደለችም፤ ዳቦ ጋጋሪ ወይም የቡና ቤት ባለቤት ናት። ደም በገጹ ላይ አይታይም፤ ትንሽ አስማት ይኖራል፤ ምግብ ግን ሁልጊዜ አይታጣም፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድ ክፍል ተሰብስበው ምስጢሩ ይገለጣል። በካርቱም ለዚህ ዘርፍ እጅግ የሚቀርበው ነገር ያለው በመደርደሪያ ላይ ሳይሆን በዛር ቤት ነው። ልዩነቱ መደምደሚያው ላይ ነው። በልቦለዱ ተፈላጊው ተይዞ ይወሰዳል። በዛር ቤት ተፈላጊው ሲገኝ ወንበር ይሰጠዋል፣ ይጋበዛል፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ የቤት ሰው ሆኖ ይኖራል። የዋናው ድግስ ስም ራሱ «ኩርሲ» ነው፤ ወንበር ማለት ነው። በሴቶቹ መካከል የሚሰማው ሣቅም የሥርዓቱ አካል እንጂ ከሥርዓቱ ማፈንገጥ አይደለም።

የዛር ቤት ምርመራ የመንፈሱን ስም ለማወቅ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ምርመራ ግን ከመቶ ዓመት በላይ «ዛር» የሚለው ቃል የማን እንደሆነ ለማወቅ ሲደረግ ቆይቷል። ዐረብኛ ነው? አገውኛ ነው? ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ተሻገረ ወይስ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ? ጥያቄው ከመዝገበ ቃላት ገጽ ያለፈ ክብደት አለው። በካርቱም ሥርዓቱን የሚያወግዙ ሰዎች «ከሐበሻ የመጣ ባዕድ ልማድ» እያሉ ሲነቅፉት፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የሚያወግዙት ሰዎች ለሌላ ሃይማኖት ወይም ለሌላ ብሔር ይሰጡታል። ስለዚህ የቃሉን ምንጭ የሚናገር ምሁር ወደደም ጠላም በአንድ የቆየ ክርክር ውስጥ እጁን ያስገባል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐሳብ፣ የምንጭ ወሬው ራሱ የሥርዓቱ ቋንቋ ክፍል እንደሆነና ለታሪክ የተሻለው ማስረጃ ከመንፈሱ ስም ይልቅ በፊቱ በሚቀርበው ማዕድ ላይ እንደሚገኝ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ምንጭ፣ ሁለት ጉድለት

በዐረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በቀላሉ የሚሰጠው ፍቺ ቃሉን «ዛረ» ከሚለው ግሥ ያወጣዋል፤ «ጎበኘ» ማለት ነው። ፍቺው ያምራል፤ መንፈሱ ጎብኚ፣ ታማሚዋ ተጎብኚ ትሆናለችና። በሰዋስው በኩል ግን ይሰናከላል። ከዚህ ግሥ ዐረብኛ የሚያወጣቸው ስሞች የታወቁ ናቸው፦ ጉብኝቱ «ዚያራ»፣ ጎብኚው «ዛኢር»። «ዛር» የሚለው ቅርጽ የኀላፊ ጊዜ ግሥ ነው፤ «ጎበኘ» የሚል ግሥ እንዳለ የመንፈስ ስም የሚሆንበት ምክንያት በቋንቋው ውስጥ አይታይም። ከዚህም በላይ የወሎ አማርኛ ጥሩ ምስክር ነው። በወሎ ሙስሊሞች አነጋገር «ዚያራ» የታወቀ ቃል ነው፤ ወደ ጀማ ንጉሥ ወይም ወደ ዳና የሚደረገውን ጉዞ ያመለክታል። «ዛር»ም በዚያው ሕዝብ አፍ አለ። ሁለቱ ቃላት አይቀላቀሉም፤ አንዱ የሚከበር ቦታን ለመጎብኘት የሚደረግ ጉዞ፣ ሌላው ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ነው።

ሁለተኛው ፍቺ የኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። ቼሩሊ በ1930ዎቹ በወጣው የእስልምና ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ቃሉ ክርስትናና እስልምና ከመስፋፋታቸው በፊት የነበረ የሰማይ አምላክ ስም ነው አለ። በከረን አካባቢ በሚነገረው ብሊን አምላክ «ጃር» ይባላል፤ በካፋም «ያሮ» የሚል ተዛማጅ ስም አለ። በዚህ አመለካከት የድሮው አምላክ አዲስ ሃይማኖት ሲመጣ ከዙፋኑ ወርዶ ወደ መናፍስት ወገን ተቀላቀለ። የአምላክ ስም እንዲህ ወርዶ መገኘቱ በዓለም ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለታየ ከትርጉም በኩል የሚያስቸግር ነገር የለም።

የሚያስቸግረው ከድምፅ በኩል ነው። አማርኛ «ጀ»ን ለመጥራት አይቸገርም፤ «ጀልባ»ንና «ጀለቢያ»ን ከነድምፃቸው ወስዷል። ታዲያ «ጃር»ን ሲወስድ ለምን «ዛር» አለው? «ጀ» በመዋስ ጊዜ ያለ ምክንያት ወደ «ዘ» አይለወጥም። ስለዚህ የቼሩሊ ሐሳብ የሚጸናው በጎንደር ዙሪያ ከነበሩት የአገው ቋንቋዎች በአንዱ ቃሉ በ«ዘ» ይነገር እንደነበር ሲታሰብ ነው። ይህ ማለት ምርመራው መጀመሪያ መካሄድ ያለበት በቅማንትኛ፣ በኽምጣኛና በአዊኛ የድምፅ ዝምድና ውስጥ ነው፤ ከብሊን ወደ አማርኛ መዝለል መንገዱን ማሳጠር ነው። ካፋን በተመለከተም አንድ ነገር መታወስ አለበት። ቼሩሊ ሲጽፍ ካፊኛ የኩሽ ቤተሰብ ምዕራባዊ ቅርንጫፍ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ሃሮልድ ፍሌሚንግ በ1969 ያንን ቅርንጫፍ ለይቶ ካወጣ ወዲህ ካፊኛ የሚመደበው በኦሞ ቋንቋዎች ውስጥ ነው። «ጃር»ና «ያሮ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ዛሬ ከቼሩሊ ዘመን የበለጠ ማስረጃ ይጠይቃል።

ለመነሻነት የቼሩሊ መንገድ ከዐረብኛው ይሻላል፤ ግን እንደ ተዘጋ ጉዳይ መጥቀሱ ተገቢ አይደለም። ከሁለቱም በላይ ትኩረት የሚስበው ዐረብኛ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ያደረገው ነገር ነው። በሱዳን የ«ዛር» ብዙ ቁጥር «ዘይራን» ወይም «ዚራን» ነው። ይህ የውስጥ ለውጥ ያለው ብዙ ቁጥር ነው፤ «ናር» (እሳት) «ኒራን»፣ «ጃር» (ጎረቤት) «ጂራን» እንደሚሆነው ማለት ነው። አማርኛ ግን «ዛሮች» ብሎ ያልፋል። አንድ ቋንቋ እንግዳን ቃል በራሱ የውስጥ ሥርዓት ሲያበዛው ቃሉ የቤት ልጅ ሆኗል ማለት ነው። የሱዳን ዐረብኛ ይህን ያደረገው ደግሞ የጎረቤት ስም በሚበዛበት ሥርዓት መሆኑ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፤ በማስረጃነት ግን አይቆጠርም።

ሁልጊዜ የሌላው

ጃኒስ ቦዲ ከካርቱም በስተሰሜን በዓባይ ዳር በሚገኝ መንደር ያደረገችውን ጥናት በ1989 ስታሳትም፣ የሱዳን መናፍስት በሕዝብ በሕዝብ እንደሚመደቡ በዝርዝር አሳይታለች። «ደራዊሽ» የተባሉት የሃይማኖት ሰዎች አሉ። «ፓሻዋት» የቱርክና የግብፅ ሹማምንት ናቸው። «ኸዋጃት» አውሮፓውያን፣ «ሐበሽ» ኢትዮጵያውያን፣ «ዐረብ» ዘላኖች፣ «ፈላታ» ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ናቸው። ሎርድ ክሮመርና ጎርደን ፓሻ ሳይቀሩ ስማቸው በሱዳን አፍ ተለውጦ ከኸዋጃት መካከል ተቀምጠዋል። በዚህ ሰልፍ ውስጥ የሌለው አንድ ሕዝብ ብቻ ነው፤ እሱም የመንደሩ ሕዝብ ራሱ። የመንደሩ ሴት የሚያድርባት መንፈስ ምንጊዜም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ድንበሩን ተሻግሮ ጎንደር ሲደረስ ተመሳሳይ ሥርዓት በተገላቢጦሽ ይገኛል። ሚሼል ሌሪስ በማርሴል ግሪዮል በሚመራው የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ አባልነት በ1932 ጎንደር ተቀምጦ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት መልካም አየሁ ከምትባለው ባለዛር ቤት ያየውን ጽፏል። በዚያ ቤት ከሚጠሩት ዛሮች መካከል ሰይፉ ጨንገር፣ ራሂሎ፣ ብር አለንጋና አዳል ሞቲ ይገኙበታል። የመጨረሻው ስም ብቻውን ትምህርት ነው፦ «ሞቲ» በኦሮምኛ ንጉሥ ማለት ሲሆን «አዳል» የምሥራቁን የሙስሊሞች ቆላ ያስታውሳል። በክርስቲያኖች ከተማ፣ በአማርኛ በሚካሄድ ሥርዓት፣ መንፈሱ ከኦሮሞና ከአዳል ይመጣል። ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ1839 ጀምሮ በሸዋ የነበሩት ሚስዮናውያን ኢዘንበርግና ክራፕፍ የዛርን ነገር ሲመዘግቡም ጉዳዩ ከኦሮሞዎች ጋር ተያይዞ ነው የተነገረው።

ስለዚህ የካርቱም ሴት «ዛር ከሐበሻ ነው» ስትል የታሪክ ምስክርነት እየሰጠች ነው ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ያሳስታል። የምትናገረው የሥርዓቱን ሰዋስው ነው። በዚህ ሰዋስው መንፈስ የሚባለው ሁልጊዜ ሦስተኛ መደብ ነው፤ «እኛ» አይሆንም። ይህንን የማያስተውል ጥናት፣ አንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው የሚጠቁመውን ጣት እየተከተለ ከሀገር ሀገር ይዞራል፤ ከካርቱም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ አዳል፣ ከሸዋ ወደ ኦሮሞ ምድር።

የመናፍስቱ ስሞችም ቢሆኑ ብቻቸውን አይታመኑም። በሱዳን ከሐበሽ ወገን እጅግ የታወቀችው ሉሊያ ናት። ጌጥ፣ ሽቶና የሙሽራ ልብስ የምትወድ፣ በሥርዓቱ ላይ ስትታይ ሴቶቹን በሣቅ የምታፈርስ ሐበሻዊት ናት። ስሟን ግን አማርኛ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ስሟ «ሉእሉእ»ን፣ ማለትም ዕንቁን የሚያስታውስ ዐረብኛ ነው። ባሕርይዋ ሐበሻ፣ ስሟ ዐረብ። በተቃራኒው በካይሮ የዛር ዘፈኖች ውስጥ የሚጠራው «ማማ» የተባለው ሱልጣን በዐረብኛ ምንም ሥር የለውም፤ በሸዋ ሚስዮናውያኑ ከመዘገቧቸው ስሞች ጋር ግን ይገጥማል። የአክሱምን ጥናት የመራው ኤኖ ሊትማን የግብፅን የዛር ጥሪዎች በ1950 ማሳተሙ ለዚህ ዐይነቱ ንጽጽር ትልቅ በር ከፍቷል፤ ግዕዝንና ዐረብኛን እኩል የሚያውቅ ሰው በዚህ ርዕስ ላይ እጁን ማስገባቱ እምብዛም ያልተደገመ ዕድል ነው።

ዘይቤዎችም እንዲሁ ናቸው። በአማርኛ ያደረበት ሰው «የዛር ፈረስ» ነው። በሐውሳ የቦሪ ሥርዓት ያደረባት ሴት «ጎዲያ» ትባላለች፤ ባዝራ ማለት ነው። በሄይቲም ያው የፈረስ ዘይቤ አለ። የጋራ ምንጭ ሳይኖር አንድ ዘይቤ በሦስት ቦታ ሊወለድ ይችላል። በሱዳን መንፈሱ «ሪሕ አሕመር»፣ ቀይ ነፋስ ይባላል፤ ጎላም ሑሴን ሳዔዲ በ1966 ባሳተመው የደቡብ ኢራን ጥናት ደግሞ ዛር ያደረባቸው ሰዎች «የአየር ሰዎች» ይባላሉ። ነፋስና መንፈስ በአንድ ቃል መገናኘታቸው ለግዕዝ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ «ነፋስ»ና «መንፈስ» ከአንድ ሥር ናቸው፣ በዐረብኛም «ሪሕ»ና «ሩሕ» እንዲሁ። ይህ የሴም ቋንቋዎች የቆየ ሀብት ስለሆነ ማን ከማን እንደወሰደ አያሳይም።

በመተማ በኩል

ቃላት በራሳቸው አይሄዱም፤ የሚወስዷቸው ሰዎች አሉ። ከ1821ዱ የቱርክ–ግብፅ ወረራ በኋላ በሁለቱ ዓባዮች መገናኛ ላይ ያደገችው ካርቱም የባሪያ ንግድ ከተማም ነበረች። ከኢትዮጵያ በኩል ዋናው በር መተማ ነበር። በዚያ በር ከወጡት ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ መድረሻቸውም የሹማምንትና የነጋዴዎች ቤት፣ በተለይም ማዕድ ቤትና እልፍኝ ነበር። ሪቻርድ ናትቪግ በ1987 ባወጣው ጥናት የዛርን ሥርዓት ወደ ሰሜን በመውሰድ በኩል በባርነት የተወሰዱ የኦሮሞ ሴቶችን ድርሻ አጉልቷል። በ1870ዎቹ በቀይ ባሕር ዳር በቁሰይር የሠራው ጀርመናዊው ሐኪም ክሉንዚንገር ስለ ዛር ሲጽፍ ከሐበሻ ባሪያ ሴቶች ጋር አያይዞታል። በ1880ዎቹ ስኑክ ሁርግሮንየ በመካ ዛርን አግኝቷል። ብሬንዳ ሴሊግማንም በ1914 የግብፁን ዛር ምንጭ ስትመረምር ፊቷን ወደ ኢትዮጵያ አዙራለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የክሉንዚንገርም ሆነ የሁርግሮንየ ጽሑፍ የሰሚ ወሬ ይዟል፤ «ከሐበሻ ነው» የሚለው የቤቱ አባባል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዓመታቱ ይጠቅማሉ። በጥር 1888 የአቡ አንጃ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ብዙ ምርኮኞች ወደ ኦምዱርማን ተወስደዋል። በጎንደርና በኦምዱርማን ዛር መካከል ያለውን መመሳሰል በዚህ ክስተት ብቻ ለማብራራት የሚፈተን ሰው ይኖራል፤ ከአንድ ከተማ የተማረኩ ሴቶች ከሌላ ከተማ ሲደርሱ የሚያሳይ ግልጽ ቀን ነውና። ግን ቁሰይርና መካ ቀድመው ነበሩ። የ1888ቱ ምርኮ ለቆየ መንገድ አዲስ መንገደኞች ጨመረ እንጂ መንገዱን አልከፈተም። ሶፊ ዘንኮቭስኪ በ1950 የኦምዱርማንን ሴቶች ዛርና ጡምቡራ በሱዳን ኖትስ ኤንድ ሬከርድስ ስትገልጽ፣ ሥርዓቱ የራሱ መልክና የራሱ ቃላት ይዞ ነበር። ከሐውሳው «ቦሪ» ጋር የሚዛመደው «ዛር ቦሬ» በአንድ በኩል፣ ስሙን ከክራር መሰል መሣሪያው የወሰደው «ዛር ጡምቡራ» በሌላ በኩል ቆመዋል። የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞች ስምና ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች ቃል በአንድ ቤት ውስጥ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ማዕዱ

መንፈስ ስሙን ይለውጣል፣ ሃይማኖቱን ይለውጣል፤ ምግቡን ግን በቀላሉ አይለውጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስም በአንዲት ሸይኻ አፍ ሊለወጥ ይችላል፤ ምግብ ግን የሚገዛ፣ የሚበስል፣ በብዙ ሴቶች ፊት የሚቀርብ ነገር ነው፤ ስሕተት ቢኖር ወዲያው ይነገራል።

በሱዳን የኸዋጃት ማዕድ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ፣ ብስኩት፣ ነጭ ዳቦ፣ የጠርሙስ መጠጥና ውድ ፍራፍሬ ይጠይቃል። የቅኝ አገዛዝ ዘመን የመኮንኖች ገበታ ከነጠርሙሱ በዚያ ማዕድ ላይ ቆሟል፤ የታሪክ ሰነድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሐበሽ ወገን ቀለም ቀይ ነው፤ የማይቀረው ነገሩም ቡና ነው። ሱዛን ኬንየን በሰናር ባደረገችው ጥናት በሽር፣ ደሾላይና ሉሊያ የተባሉት የሐበሻ ባሪያዎች ተብለው የሚታወቁ መናፍስት የሚጠሩት በቡና ዙሪያ በሚደረግ ስብሰባ እንደሆነ አሳይታለች። ከትልቁ ድግስ ይልቅ እነዚህ የቡና ስብሰባዎች የዘወትር ሕይወት ናቸው፤ ሴቲቱ ትጠጣለች፣ ትጠይቃለች፣ መንፈሱ ይመልሳል፣ ጎረቤት ያዳምጣል።

ለቋንቋ አጥኚው ይህ የቡና ትሪ ከየትኛውም የመናፍስት ዝርዝር ይበልጣል። በሱዳን «ጀበና» ማለት ማንቆርቆሪያውም ቡናውም ነው፤ ዝንጅብል ሲገባበት ደግሞ የሱዳን ቡና ይሆናል። አማርኛ «ጀበና» የሚለው ዕቃውን ብቻ ነው። በየመን «ጀመና» የሚባል ዕቃ ስላለ ቃሉ የቀይ ባሕርን ሁለት ዳር የያዘ ነው፤ በአማርኛም ድምፁ ባለበት መቆየቱ እንደ «ጀልባ» ከባሕሩ በኩል የገባ መሆኑን ያሳያል። «ፍንጃል» በወሎና በሐረር አማርኛ የታወቀ ነው፤ የዐረብኛው «ፊንጃን» ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን ከዚያ ወደዚህ ተሻግሯል። ሦስቱ የቡና ዙሮችም እንዲሁ ናቸው። «በረካ» ዐረብኛ መሆኑን ማንም ያውቃል። «አቦል» ከ«አወል» (የመጀመሪያ)፣ «ቶና»ም «ሁለተኛ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል መምጣቱን ብዙ ጠጪ አያስተውልም፤ ትግርኛ መጀመሪያውን «አወል» ብሎ ስላቆየው መንገዱ ይታያል። በሌላ በኩል ፍሬው በሱዳን «ቡን» ነው፤ ይህም ከ«ቡና» ጋር አንድ ነው፣ ተክሉም ከኢትዮጵያ ደን የወጣ ነው።

እንግዲህ በአንዲት ትሪ ላይ የተቀመጠው ይህ ነው፦ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የገባ ማንቆርቆሪያና የዙር ስም፣ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን የወጣ ፍሬ፣ በዐረብኛ ስም የምትጠራ ሐበሻዊት እንግዳ፣ በዐረብኛ ሥርዓት የሚበዛ የ«ዛር» ስም። ቃሉ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ትሪው አንድ መልስ የለውም፤ እያንዳንዱ ቃል በየራሱ ጊዜና በየራሱ አቅጣጫ ተጉዟልና። ሥርዓቱ ከኢትዮጵያ ወደ ሰሜን መውጣቱን ዓመታቱም ሰዎቹም ያስረዳሉ። «ከሐበሻ መጣ» ማለት ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ መጣ ማለት አይደለም።

ከኢትዮጵያ በኩል ያለው የማዕድ መዝገበ ቃላትም የሚገባውን ያህል አልተሠራበትም። ባለዛር የሚታዘዝለት ዶሮ በላባው መልክ ይለያል፤ ገብስማ፣ ዛጎልማ፣ ወሰራ። የመንፈሱ ማንነት የሚታወቀው በከፊል በዚህ የላባ ስም ነው፤ ሌላ የላባ መልክ ያለው ዶሮ ከቀረበ ተፈላጊው ሌላ ነው ማለት ነው። በሱዳንም የሚታረደው በግ ቀለም በመንፈሱ ወገን ይወሰናል። የእንስሳ ቀለም ስሞችን የሚያጠና ሰው ከገበያ ይልቅ በዛር ቤት ጥብቅ የሆነ አጠራር ያገኛል፤ በገበያ ገብስማና ዛጎልማ ቢምታቱ የሚጎዳው ዋጋው ብቻ ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1949 ያሳተመው የዛር ሰዎች ልዩ ቋንቋ ጥናት ከዚሁ ጎን መነበብ ይኖርበታል። የዚያ ቋንቋ ብዙው ቃል የአማርኛን ቃል አዛብቶ ወይም በዙሪያ ገለጻ ተክቶ የተሠራ ነው፤ መንፈሱ «የእናንተን ቋንቋ አልናገርም» እያለ በእናንተው ቋንቋ ይናገራል። ሌሪስ የዛርን ትዕይንት «የሚኖሩት ቴአትር» ብሎ ሲጠራው ያየው ይህንኑ ነው፤ ተዋናይዋ እንደምትጫወት የሚያውቁ ሁሉ ጨዋታው እውነት መሆኑንም ያውቃሉ።

መናፍስቱ ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ የሚነገረው ተረት ለዚህ ሁሉ የማይመጥን አይደለም። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይባላል። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ መልከ መልካሞቹን ዐሥራ አምስቱን ደበቀቻቸው፤ የተደበቁትም ተደብቀው ቀሩ፤ እነሱም ዛሮች ሆኑ። ሲሞን መሲንግ በ1958 የጎንደርን ዛር እንደ ቡድን ሕክምና አድርጎ ሲያቀርብ በሽተኛዋ በመንፈሱ በኩል የምታገኘውን ክብር አስረድቷል። ተረቱ ደግሞ በራሱ በኩል ዝምድናውን ያስረዳል፦ የተደበቀው ወንድም ሲገኝ የሚገባው ምግብ ነው። ባዕድ ነው የተባለው እንግዳ በተረቱ የአንድ እናት ልጅ ሆኖ ይገኛል። የምንጩ ወሬና ተረቱ እርስ በርስ አይስማሙም፤ በሥርዓቱ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የመተማ መንገድ ዛሬ

ካርቱም ለዚህ ጥናት ከተራ የመስክ ቦታ በላይ ነበረች። የመጀመሪያው ሱዳናዊ የአእምሮ ሐኪም ቲጃኒ አል-ማሒ ዛርን ከሕክምና ጋር አያይዞ በአክብሮት ካዩት መካከል ነበር። በ1988 በከተማዋ የተካሄደው የዛር ዐውደ ጥናት ከተለያዩ አገሮች የመጡ ተመራማሪዎችን ያገናኘ ሲሆን፣ ከእሱ የወጣው መጽሐፍ በሉዊስ፣ በአሕመድ አል-ሳፊና በሰይድ ሑረይዝ አዘጋጅነት በ1991 ታትሟል። ከ1989 በኋላ የመጣው መንግሥት ሥርዓቱን በበጎ ዐይን አላየውም፤ ሴቶቹ ግን ቡናውን አላቆሙም።

ሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ከተማዋ ባዶ ሆነች፤ ቤተ መጻሕፍትና መዝገብ ቤቶች ተጎዱ፤ ከተማዋን ጥለው ከወጡት በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱላቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶችንና ቃላትን ወደ ምዕራብ ያወጣው በር በ21ኛው ወደ ምሥራቅ ተከፈተ። የካርቱም ዐረብኛ የማዕድ ቃላት አሁን ከጎንደር አማርኛ ጋር በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ «ቡን» የሚል ገዢ ከ«ቡና» ሻጭ ፊት ይቆማል፣ አንዱ ጀበና ሲል ዕቃውን፣ ሌላው መጠጡን ያስባል።

የዚህ ዐይነቱ መደማመጥ ዕድሜ አጭር ነው። ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ሲኖሩ ቃላት በአንድ ትውልድ ውስጥ ይዋሐዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የድሮውን ከአዲሱ መለየት ይከብዳል። በመተማና በጎንደር የሚሠራ የቃል ስብሰባ ጥያቄውን በ«ዛር» ከጀመረ የሚያገኘው ዝምታ፣ ወይም «እሱ የእነሱ ነው» የሚል መልስ ነው። በጀበና፣ በፍንጃል፣ በበግ ቀለም፣ በዶሮ ላባ፣ በዕጣን ዐይነት ከጀመረ ግን ተናጋሪዋ ያለ ሥጋት ትዘረዝራለች፤ ይህ ዕጣን ለማን እንደሚጤስ፣ ያ ቀለም የማን እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ስኒ ለማን እንደሚቀዳ ስትናገርም ስሙ በራሱ ጊዜ ይመጣል። የኦምዱርማን ሸይኻም የዕጣን ሣጥኗን የምትከፍተው ስሙን ከመጠየቋ በፊት ነው።